ባንክ ሲንገዳገድ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሙሉ ቀን ቢውል፣ ወሬው ቀፊራ ገበያ እስኪደርስ «ብር አልቆባቸዋል» ይሆናል። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሲገባ «ባንኩ ሊዘጋ ነው» ይባላል፤ ማታ ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ደግሞ የሚዘጋበት ቀን ተቆርጦለት ይወራል። የተቋረጠው ኔትወርክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ግን ይህን አይጠይቅም። የባንክ ሥራ ከሌላው ንግድ የሚለየውም በዚህ ነው። ስለ አንድ ዳቦ ቤት ውሸት ቢወራ ዱቄቱ አያልቅም። ስለ ባንክ ውሸት ቢወራና በቂ ሰው ቢያምነው ግን ውሸቱ በሁለት ቀን እውነት ይሆናል።

ከዚራ ባለው ካዝና ውስጥ የእርስዎ ብር ተለይቶ አልተቀመጠም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያሳድረው ጥሬ ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው ያለፈው ወደ ላይ ይላካል፣ ሲጎድል ከላይ ይጠየቃል። በአዘቦት ቀን ይህ ችግር የለውም፤ አንዱ ሲያስገባ ሌላው ያወጣልና። የአወዳይ ጫት ነጋዴ ገቢ አድርጎ በሄደበት መስኮት የታይዋን ነጋዴ ለዕቃ ያወጣል። ለዒድና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወጪ ስለሚበዛ ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ ያስጭናል። አሠራሩ የማይችለው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ እንደሆነ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚችል ባንክ በዓለም ላይ የለም።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ባንክ በትንሹ እንሥራ። ጠቅላላ ንብረቱ 100 ብር ይሁን፤ 15ቱ በካዝናውና በብሔራዊ ባንክ ያለ ገንዘብ፣ 75ቱ ለሰው ያበደረው፣ 10ሩ ሕንፃና መኪናው። ይህ 100 ብር ከየት መጣ? 90ው ከአስቀማጮች፣ 10ሩ ከባለአክሲዮኖች። የባለአክሲዮኖቹ 10 ብር ካፒታል ይባላል። ብዙ ሰው ካፒታልን አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ ገንዘብ ያስበዋል፤ እንዲያ አይደለም፣ እሱም ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ተበድሯል፣ ሕንፃ ሆኗል። ካፒታል የሚነግረን ኪሳራ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚመታ ነው። በዚህ ባንክ የመጀመሪያዎቹ 10 ብሮች ኪሳራ የባለአክሲዮኖች ነው፤ 11ኛዋ ብር ከአስቀማጭ ኪስ ትወጣለች። ስለ ባንክ ቁጥጥርና ስለ መታደግ የሚደረገው የፖለቲካ ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህች 11ኛ ብር ዙሪያ ነው።

አሁን ከ75ቱ ብድር አንድ አሥረኛው፣ 7 ብር ከ50፣ ተበላሸ እንበል። መያዣው ተሸጦ ሲሶው ቢመለስ ባንኩ 5 ብር አጣ፤ ካፒታሉ ከ10 ወደ 5 ብር ወረደ። ባንኩ ገና አልከሰረም፤ ሕግ ግን አፍርሷል። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ካፒታል ከአደጋ ከተጋለጠው ንብረት ቢያንስ 8 በመቶ እንዲሆን ያዛል። ጥሬ ገንዘቡ አደጋ የለበትም ብለን ብንተወው፣ የቀረው ብድርና ሕንፃው ሲደመሩ 77 ብር ከ50 ናቸው፤ የዚያ 8 በመቶ 6 ብር ከ20 ነው። ከአሥር ተበዳሪ የአንዱ መውደቅ ባንኩን ከመስመር በታች አወረደው ማለት ነው። ከአምስት አንዱ ቢወድቅና አሁንም ሲሶው ብቻ ቢመለስስ? 15 ብር ተበላሽቶ 5 ብር ተመለሰ፤ 10 ብር ጠፋ፤ ካፒታል ዜሮ። በሩ ግን ክፍት ነው፣ ጥበቃው እየፈተሸ ያስገባል፣ በኤቲኤም ብር ይወጣል። ከስሮ እየሠራ ያለ ባንክ ከውጭ ሲያዩት ከደህናው አይለይም።

ባንክ የሚታመመው በሁለት ዓይነት በሽታ ነው። አንደኛው የእጅ ማጠር ነው፤ ያበደረው የሚመለስ ሆኖ ዛሬ በእጁ ገንዘብ የለም። ሁለተኛው አሁን ያየነው ኪሳራ ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። እጅ ላጠረው ማዕከላዊ ባንክ ያበድረዋል። ደንቡን እ.ኤ.አ. በ1873 እንግሊዛዊው ዋልተር ባጀት አስቀምጦታል፤ በገፍ ያበድር፣ ወለዱ ከፍ ይበል፣ ጥሩ መያዣ ለሌለው ግን አይሰጥ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ያቀረበው በዚህ መንፈስ ነው፤ ብድር እንጂ ስጦታ አልነበረም። ለከሰረ ባንክ ግን ብድር መስጠት በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። አስቸጋሪው ነገር ቀውስ በሌሊት ስለሚመጣና ሁለቱም በሽታዎች በር ላይ ሰልፍ ሆነው ስለሚታዩ፣ ሐኪሙ ሳይመረምር ማዘዙ ነው። የከሰረው ባንክ ሁሉ ደግሞ «እጄ አጥሮ ነው» ይላል። ሌላ ያለ እስካሁን አልተሰማም።

ቁጥጥር የሚባለው ነገር ዋና ሥራው እንግዲህ ይህን ልዩነት ቀድሞ ማወቅ ነው፤ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በእኛ አገር ደንብ አንድ ብድር ክፍያው 90 ቀን ሲያልፈው የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፤ 180 ቀን ሲያልፈው አጠራጣሪ፣ 360 ቀን ሲያልፈው ኪሳራ ይሆናል። በየደረጃው ባንኩ ከትርፉ ቀንሶ መጠባበቂያ ይይዛል፤ መጨረሻው ደረጃ ላይ መቶ በመቶ። መጠባበቂያ መያዝ ትርፍን ይበላል፣ የትርፍ ድርሻን ይቀንሳል፣ የሥራ አመራሩን ጉርሻ ያስቀራል። ስለዚህ ብድሩን «ጤነኛ» አድርጎ ለማቆየት ሁሉም ወገን ምክንያት አለው።

ዘዴው ብዙም የረቀቀ አይደለም። አንድ አስመጪ ሳቢያን ያለ ሕንፃውን አስይዞ ተበደረ፤ ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆየበት፣ የውጭ ምንዛሪው ጨመረበት። ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲታወጅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። በአሮጌው ምንዛሪ ዕቃ ሸጦ በአዲሱ ዕዳውን የሚዘጋ ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። 80ኛው ቀን ላይ ባንኩ ደውሎ «ብድሩን እናራዝምልህ» ይለዋል። ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ብድር ላይ ተደምሮ አዲስ ውል ይፈረማል። የቀኑ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል፣ ያልተገኘው ወለድ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ባንኩ አተረፈ ይባላል። አንድ ጊዜ ማራዘም ነጋዴን የሚያድን ደግ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ግን ኪሳራን ምንጣፍ ሥር መጥረግ ነው። ተቆጣጣሪ ሪፖርቱን ብቻ ቢሮው ቁጭ ብሎ ካነበበ ይህን አያይም፤ የብድር ፋይሉን አስወጥቶ ገንዘብ በእርግጥ የተከፈለበትን ቀን መቁጠር አለበት።

መያዣውም የሚመስለውን ያህል አያስተማምንም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሕጉ ለባንክ ያደላ ነው፤ ጥሩ። ነገር ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ አንድ ባንክ ብቻ አይደለም ሐራጅ የሚያወጣው። ሁሉም ባንክ ያበደረው ሕንፃና መጋዘን ይዞ ነው፤ ሁሉም በአንድ ወር ሳቢያንና መጋላ ላይ ጨረታ ካወጡ ገዢው ማን ነው? የሕንፃው ግምት የተሠራው ገበያው በሞቀበት ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ሐራጅ ተጫራች ያጣል፣ ሁለተኛው ያጣል፣ በመጨረሻ ባንኩ ራሱ ንብረቱን ይረከባል። አሁን ጥሬ ገንዘብ የነበረው ነገር ደረጃው የተሰነጠቀ ሕንፃ ሆኗል፤ አስቀማጭ መጥቶ ብሩን ሲጠይቅ ደግሞ በር ነቅሎ አይሰጠውም።

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ላይ የሆነው በግዙፍ መጠን ይኸው ነው፤ የሚለየው ብድሩ ተጠቅልሎ፣ ተቆራርጦ፣ ለዓለም መሸጡ ነበር። የቤት ዋጋ ሲወርድ የተበላሸው ብድር የማን እጅ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ ባንኮች እርስ በርስ መበዳደር አቆሙ። በመጋቢት ወር ቤር ስተርንስ የሚባለውን ባንክ ሌላው ባንክ ጄፒ ሞርጋን ሲገዛው ማዕከላዊ ባንኩ 29 ቢሊዮን ዶላር አቀረበ። በመስከረም 15 ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ባንክ ያለ ረዳት እንዲወድቅ ተተወ። በማግስቱ የመድን ድርጅቱ ኤአይጂ 85 ቢሊዮን ዶላር ተሰጠው። በሦስት ክስተት ሦስት ዓይነት ፍርድ! የገበያው ድንጋጤ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቀጥሎ ማን እንደሚድንና ማን እንደሚተው የሚነግር የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ምክር ቤቱ የ700 ቢሊዮን ዶላሩን መታደጊያ መስከረም 29 ውድቅ አድርጎ፣ ገበያው ሲንኮታኮት አይቶ በጥቅምት 3 አጸደቀው።

ከዚያ በኋላ በአሥር ቀን ገደማ ለዘጠኝ ታላላቅ ባንኮች 125 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ደጋፊዎቹ ዛሬም «ገንዘቡ ከነትርፉ ተመልሷል» ይላሉ፤ ለባንኮች የተሰጠውን በተመለከተ እውነታቸውን ነው፤ 245 ቢሊዮን ወጥቶ ከ270 ቢሊዮን በላይ ተመልሷል። ክርክሩ ግን በዚህ አይዘጋም። ማንም የማያበድርህን ቀን በርካሽ ያበደረህ ሰው በኋላ ገንዘቡን ስላገኘ ውለታ አልዋለልህም አይባልም። ባለአክሲዮኖች ከነድርሻቸው ቀሩ፣ አብዛኞቹ ኃላፊዎች ከነወንበራቸው ቀሩ፣ ኤአይጂ በሕዝብ ገንዘብ በቆመ በወራት ውስጥ 165 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ከፈለ። ቤቱን ለተነጠቀ ሰው ግን እርዳታው የደረሰው በዝግታና በቅጽ ብዛት ነበር። አሜሪካውያንን እስከ ዛሬ ያስቆጣው ባንኩ መዳኑ አይደለም፤ ባንኩ ሲድን ባለቤቱም አብሮ መዳኑ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፖለቲከኞች በቀውስ ሌሊት አንድ አድርገው ይሸጡልናል።

ሁለቱን መለየት እንደሚቻል ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳይታለች። መንግሥት የአስቀማጮችንና የአበዳሪዎችን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ዋስ ሆነ፤ ለባንኮቹ ግን «ኪሳራችሁን መጀመሪያ በሙሉ ጻፉ፣ ከዚያ ካፒታል ከፈለጋችሁ የባንኩ ባለቤት እኔ ነኝ» አለ። የተበላሸው ብድር ሴኩሩም ለሚባል መሥሪያ ቤት ተላልፎ በዝግታ ተሸጠ። ተቃራኒው አየርላንድ ነች። መስከረም 30 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ሌሊቱን ተነጋግረው የስድስት ባንኮችን ዕዳ፣ 440 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ዋስ ሆኑ። ያኔ ባንኮቹ «እጃችን አጥሮ ነው» ብለዋቸው ነበር። የከሰሩ ሆነው ተገኙ፤ ሒሳቡ ወደ 64 ቢሊዮን ዩሮ ደረሰ፤ ከአምስት ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ከፈለው።

ቆጵሮስ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ሦስተኛ መንገድ ሞከረች፤ ከውጭ ገንዘብ በማምጣት ፈንታ ከባንኩ ውስጥ መክፈል። የመጀመሪያው ሐሳብ ከ100 ሺህ ዩሮ በታች ካለው ትንሽ አስቀማጭ እንኳ 6.75 በመቶ መቁረጥ ነበር። ምክር ቤቱ ጣለው፤ ባንኮች ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ተዘጉ። በመጨረሻ እስከ 100 ሺህ ያለው ተጠበቀ፤ በትልቁ ባንክ ከዚያ በላይ ካለው 47.5 በመቶው ወደ አክሲዮን ተቀየረ። ያ አንድ የተበላሸ ሐሳብ ግን ጉዳቱን አድርሷል። ዋስትና አለው የተባለ ገንዘብ ሊነካ እንደሚችል አንዴ ከተሰማ፣ ቃሉን መልሶ ማሳመን ገንዘቡን ከመመለስ ይከብዳል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ለእኛ የሚቀርበው የጋና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማዕከላዊ ባንኩ ሁለት ባንኮችን ዘግቶ አስቀማጮቻቸውን ለሌላ ባንክ አስረከበ፤ በዓመቱ አምስት ባንኮችን በአንድ አዲስ ባንክ ጠቀለለ፤ ዝቅተኛውን ካፒታል ከ120 ሚሊዮን ወደ 400 ሚሊዮን ሲዲ ከፍ አደረገ፤ በመጨረሻ 23 ባንኮች ቀሩ። ምርመራው ካሳያቸው ጉዶች አንዱ አንዳንዶቹ ፈቃድ ያወጡበት ካፒታል በእጃቸው ያልነበረ መሆኑ ነው። ናይጄሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ባንኮችን በ620 ቢሊዮን ናይራ ስትታደግ የስምንት ባንኮችን ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች በዚያው ሰሞን አባራለች፤ ገንዘቡ ሲገባ ሰዎቹ ወጡ። ኬንያ ላይ በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ኢምፔሪያል ባንክና ቼዝ ባንክ በስድስት ወር ልዩነት ሲዘጉ የተቀማጭ መድኑ 100 ሺህ ሽልንግ ብቻ ስለነበር፣ ደመወዝ የሚከፍሉበት ገንዘብ የታገተባቸው ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ።

የጋናውን ለእኛ የሚያቀርበው ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ማዘዙ ነው። ዓላማው ደህና ነው። መታየት ያለበት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው። አንድ ሰው ከባንክ ሀ ተበድሮ የባንክ ለን አክሲዮን ቢገዛ፣ ከባንክ ለ የተበደረው ደግሞ የባንክ ሀን ቢገዛ፣ በወረቀት ሁለት ካፒታል አደገ፤ በመሬት ላይ አንድም ብር አልመጣም። ኪሳራ ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ።

በአገራችን መታደግ የለም የሚል ሰው ካለ ያለው በሌላ ስም ስለሆነ አላየውም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት እያንዳንዱ ብር 27 ሳንቲም የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ወለዱ ለአብዛኛው ጊዜ 3 በመቶ ነበር። ባንኮቹ ለአስቀማጭ ከዚያ በላይ እየከፈሉ በ3 በመቶ ማበደራቸው ግብር ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው ግብር ያልተባለው። ልማት ባንክ በ2011 ዓ.ም. ገደማ ከብድሩ 40 በመቶ ያህሉ ተበላሽቶበት በመንግሥት ካፒታል ቆሟል። ከሁሉ የሚተልቀው የንግድ ባንክ ነው። ለስኳር፣ ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለመሳሰሉት የመንግሥት ድርጅቶች ያበደረው ገንዘብ አልመለስ ሲል ዕዳው ለዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተላለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በጠቅላላው 900 ቢሊዮን ብር የሚሆን የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ ተወሰነ። የአሜሪካው ክርክር ለሳምንታት አደባባይ አናውጧል። የእኛው ከዜና እወጃው በኋላ ቀፊራ ላይ ለአንድ ሻይ የሚሆን ወሬ እንኳ አልሆነም።

ቦንድ ማለት መንግሥት «በኋላ እከፍልሃለሁ» ያለበት ወረቀት ነው። ለባንኩ የማይመለስ ብድር በሚከፈል ወረቀት ተተካለት፤ አስቀማጩ ዳነ። ወለዱ ከበጀት ይወጣል፤ በጀት ከግብር፣ ግብር ካልበቃ ከብሔራዊ ባንክ በሚወሰድ ብድር፣ ማለትም ከዋጋ ንረት። እንግዲህ በንግድ ባንክ ሒሳብ የሌላት የደቻቱ ዳር ጉሊት ነጋዴ ቲማቲሟን የምትሸጥበት ዋጋ ላይ ድርሻዋን ትከፍላለች። ይህ መታደግ አስፈላጊ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ቢንገዳገድ የሚመጣውን ማንም አይፈልገውም። ቅር የሚለው ነገር አበዳሪው መንግሥት፣ ተበዳሪው መንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት መሆኑ ነው። አንድ ተበዳሪ ከባንክ ካፒታል 25 በመቶ በላይ እንዳይወስድ የሚከለክለው ደንብ ለግል ባንክ ብረት ሆኖ ለመንግሥት ድርጅት ላስቲክ ሲሆን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አዲሱ የብሔራዊ ባንክ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 1359/2017 መንግሥት ከማዕከላዊ ባንኩ የሚበደረውን ይገድባል፤ የሚፈተነው በጀት የጎደለ ዓመት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ኪስ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በደንብ ቁጥር 482/2013 ተቋቁሟል። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች በየዓመቱ አረቦን ይከፍሉበታል፤ አንድ ባንክ ቢዘጋ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይከፍላል። ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቆጣጠሩን ነው። ጣሪያው በአንድ ሰው በአንድ ባንክ ነው። ከዚራ ቅርንጫፍ 80 ሺህ፣ ሐረር ሸዋ በር ያው ባንክ ላይ 70 ሺህ ያለው ሰው 150 ሺህ አለው ተብሎ 100 ሺህ ይከፈለዋል። ያንኑ ብር በሁለት የተለያዩ ባንኮች ቢያስቀምጠው ሁሉም ዋስትና አለው። ለ50 እቁብተኛ በአንድ ሰብሳቢ ስም የተከፈተ ሒሳብ አንድ ሰው ሆኖ እንዳይቆጠር ሒሳቡ በማን ስም፣ በምን ሰነድ እንደተከፈተ ዛሬውኑ ማየት ደግ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ ጠፋ ማለት ሳይሆን ባለቤቱ የባንኩ ንብረት እስኪሸጥ ተሰልፎ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ስንት እንደሚደርሰውም አይታወቅም። በሱቅ በኩል በሀዋላ የተላከ ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው።

የጣሪያው አሠራር ሰልፍን እንደሚፈጥርም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 የእንግሊዙ ኖርዘርን ሮክ በር ላይ ሕዝቡ የተሰለፈው እብድ ሆኖ አይደለም። የዚያን ጊዜው መድን የመጀመሪያዎቹን 2 ሺህ ፓውንድ ሙሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 33 ሺህ ደግሞ 90 በመቶ ብቻ ይሸፍን ነበር። አሥር በመቶውን ከሚያጣ ሰው መሰለፍ የሚጠበቅ ነው። ሰልፉ የተበተነው መንግሥት ሙሉ ዋስ ሲሆን ነው። ዛሬ ደግሞ ሰልፉ የሚታይም አይደለም፤ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ሲሊኮን ቫሊ ባንክ ላይ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ የተጠየቀው በአመዛኙ በስልክና በኮምፒውተር ነው። እኛም ጋ ገንዘቡ ከዚራ ሳይደርስ ሌሊት ፍራሽ ላይ ሆኖ በሞባይል ወደ ሌላ ባንክ ይሄዳል።

ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ከወለድ ነጻ ሒሳብ ብዙ ስለሆነ አንድ ነገር ይታከል። በወዲዓ ያስቀመጠ ሰው አደራ ነው የሰጠው፤ ባንኩ ሙሉውን የመመለስ ግዴታ አለበት። በሙዳረባ ያስቀመጠ ግን የትርፍ ተካፋይ ነው፤ በመርሁ መሠረት ባንኩ ካላጠፋና ቸል ካላለ ኪሳራው በገንዘቡ ባለቤት ላይ ይወድቃል። ሁለቱም በደብተሩ ላይ «ከወለድ ነጻ» ሊሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው ሲከፍቱ በፈረሙት ውል ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ እዚያ ላይ ፈርሞ አላነበበውም።

አክሲዮን የገዛ ሰው ከሁሉም ኋላ ነው የቆመው። አዲስ ባንክ ሲመሠረት በየቀበሌው አክሲዮን የሚሸጡት «ከቁጠባ ይሻላል» ብለው ነው፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ይህን ሰምቶ ይገባል። አክሲዮን ላይ መድን የለም፤ ባንኩ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ እንዲያ መሆኑም ትክክል ነው፣ ትርፉን የሚወስደው እሱ ነበርና። ትክክል የሚሆነው ግን ሲገዛ ካወቀ ብቻ ነው።

የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ሲመጣ በሥዕልና በሊቀመንበሩ ንግግር የተሞሉትን ገጾች ይለፏቸውና ወደ ሒሳብ ማብራሪያዎቹ ይሂዱ። የተበላሸ ብድር ከ5 በመቶ በላይ ነው ወይ? ከ5 በታች ሆኖ ሳለ የተራዘመና እንደገና የተዋቀረ ብድር በአንድ ዓመት እጥፍ ካደገ፣ ችግሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ተዛውሯል እንጂ አልጠፋም። የወለድ ገቢው ጨምሮ በእጅ የገባው ጥሬ ገንዘብ ካልጨመረስ? ያልተከፈለ ወለድ እየተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዡ ያሳያል። ለአሥሩ ትላልቅ ተበዳሪዎች የተሰጠው ከጠቅላላው ስንት እጅ ነው? ለቦርድ አባላትና ለዘመዶቻቸው ድርጅቶች ስንት ተበደረ? ከውጭ ኦዲተሩ ፊርማ በላይ «ነገር ግን» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ከሪፖርቱ ሁሉ ያንን አንቀጽ ያንብቡ።

ጠቅላላ ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ነው። የድሬዳዋ ባለአክሲዮን ትራንስፖርቱን አስቦ ይቀራል፤ የውክልና ወረቀቱን ቅርንጫፍ ያለ ሠራተኛ ያስፈርመዋል፤ ድምፁም ለቦርዱ ይሄዳል፣ ማለትም ሊጠይቀው ለሚገባው ሰው። ውክልናውን እዚሁ ካሉ ባለአክሲዮኖች መካከል ሒሳብ ለሚያነብ አንድ ሰው መስጠት፣ የመጓጓዣውን ተዋጥቶ መክፈልና ከላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ አስይዞ መላክ ይቻላል። መልሱ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ይጠይቅ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር ለማስተያየት ያን ገጽ ያስቀምጡት።